ስለ ቀዳሚት ሰንበት የተሰደዱት አባት፤ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ሕይወትና የዕረፍት ቀን ነገር

በጉለሌ በጳውሎስ ሰፈር የሚኖሩ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ወደ እኔ መጥተው አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ይኸውም ክርስቲያን ሊያርፍ የሚገባው በቀዳሚት ነው ወይስ በእሑድ ነው የሚል ነው። አንዱ ቀዳሚትን ከሚያከብሩ ከአድቬንቲስት ወንድሞች ጋር ሲከራከር ውሎ ይመጣል። ሁለተኛው እናቱ ሁለቱንም ቀን ስለምታከብር ከእርስዋ ጋር ተነጋግሮ፣ አዝኖም አሳዝኖም ይመጣል። ሦስተኛው ግን በእሑድ ቀን ሱቁን ከፍቶ ሲነግድ ውሎ ልቡ ስለ ወቀሰው ይመጣል። ከሁሉ ይልቅ በዚህ በሦስተኛው ደስ ይለኛል፤ ጥያቄው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከኑሮው የተነሣ ነውና።

እኔም ለእነዚህ ልጆች መልስ ከመስጠቴ አስቀድሞ የአንድ አባት ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እኒህ አባት አባ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው። መታሰቢያቸው በየዓመቱ መስከረም 18 ቀን ይውላል፤ ሥዕላቸውም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት አለ። ነገር ግን ስለ ምን ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር እንደ ሞቱ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ የቀድሞ አባቶችን ታሪክ የሌላ ሰው ርስት አድርገን ስለምንተወው ከሌሎቹም ያነሰ እናውቃለን። እኔ ራሴ ስለ ሉተር ሃያ ዓመት ካስተማርሁ በኋላ ነው የአባ ኤዎስጣቴዎስን ነገር በማስተዋል ያነበብሁት። ይህንም ስጽፍ አፍራለሁ። በዚህ ጽሑፍ ስለ ቀድሞው ዘመን የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

አባ ኤዎስጣቴዎስ የተወለዱት በ1273 ገደማ በሰሜን ኢትዮጵያ ነው። አባታቸው ክርስቶስ ሞአ፣ እናታቸው ሥነ ሕይወት ይባሉ ነበር፤ ወላጆቻቸውም ማዕቀበ እግዚእ ብለው ስም አወጡላቸው። ገና ሕፃን ሳሉ በገርዓልታ በደብረ ማርያም ገዳም ወደ ነበሩት ወደ አጎታቸው ወደ አባ ዳንኤል ተሰጡ፤ በዚያም ንባብን፣ ዜማንና መጻሕፍትን ተማሩ፤ መነኰሱም፤ ስማቸውም ኤዎስጣቴዎስ ተባለ። ከዚያ በኋላ ወደ ሠራዬ ወርደው ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው ከሌሎች መነኮሳት ታሪክ ብዙ የሚለይ አይደለም።

የለያቸው ነገር ሰንበት ነው። በዚያን ዘመን በሰሜኑ አገር ብዙ ሰው እሑድን በትንሣኤው ምክንያት፣ ቀዳሚትንም ስለ ዐሥሩ ትእዛዛት ያከብር ነበር። ነገር ግን ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያ ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነበርና፣ በእስክንድርያ ደግሞ ቀዳሚትን ማክበር የአይሁድ ሥርዓት ነው ተብሎ የተተወ ነበርና፣ ጳጳሱና ከእርሱ ጋር የሚስማሙ ካህናት ይህን ልማድ ይነቅፉ ነበር። በዚያው በአራተኛው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰበው ጉባኤም ክርስቲያኖች በቀዳሚት ሥራ እንዳይፈቱ ደንግጎ ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ሲኖዶስና ዲድስቅልያ ሁለቱንም ቀን አክብሩ ይላሉ። እንግዲህ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ትእዛዝ ተገኘ፤ ሰውም የጳጳሱን ቃል ይስማ ወይስ በእጁ ያለውን መጽሐፍ የሚለው ነገር ተነሣ። ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ ይመስለናል እንጂ በአገራችን ሰባት መቶ ዓመት የሆነው ነው።

አባ ኤዎስጣቴዎስ መጽሐፉን መረጡ። እግዚአብሔር በገዛ ጣቱ የጻፈውን ትእዛዝ ሰው ሊሽረው አይችልም ብለው አስተማሩ። ስለዚህም ከካህናቱ ታላቅ ተቃውሞ ተነሣባቸው። በ1337 ገደማ፣ ይኸውም ዐፄ ዓምደ ጽዮን በነገሡበት ዘመን፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት ባለፈ ጊዜ፣ ማኅበራቸውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአባ አብሳዲ አደራ ሰጥተው ከጥቂት ተከታዮች ጋር ከአገራቸው ወጡ። ከተከታዮቻቸው ባኪሞስ፣ መርቆሬዎስና ገብረ ኢየሱስ በስም ይታወቃሉ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል። ሰው በሽምግልናው ጊዜ ቤቱን የሚለቀው ወይ በረኃብ፣ ወይ በጦርነት፣ ወይ በልጆቹ ክፋት ነው። እኒህ ሰው ግን የተሰደዱት በሳምንት አንድ ቀን ሥራ ፈትተው እግዚአብሔርን ለማመስገን ነው። ደግሞም የሄዱት ወደሚደግፋቸው ሰው አልነበረም። በቀጥታ የሄዱት ወደ ግብጽ፣ በጉዳዩ ላይ የመጨረሻ ፈራጅ ወደ ሆነው ወደ እስክንድርያው ፓትርያርክ ወደ ብንያም ነበረ። ገድላቸው እንደሚናገረው በዚያም የሚከሱአቸው ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ፓትርያርኩም ከወንድሞቻቸው ጋር እንዲስማሙ መከሩአቸው፤ እርሳቸው ግን አልተመለሱም። ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም ወደ ቆጵሮስ፣ በመጨረሻም ወደ አርመን አገር ተሻገሩ። በልብሳቸው ላይ ሆነው ባሕር እንደ ተሻገሩ ገድሉ ይናገራል፤ ሠዓልያንም ይህን መሳል ይወዳሉ። እኔ ስለዚህ ተአምር ከማንም ጋር አልከራከርም፤ የምደነቅበት ግን ባሕሩን ስለ መሻገራቸው ሳይሆን አለመመለሳቸው ነው። በአርመን አገር 14 ዓመት ያህል ኖረው በ1352 ገደማ ሞቱ፤ የተቀበሩትም በዚያው ነው። ደቀ መዛሙርታቸው ያለ መምህራቸው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ እልከኛ ነበሩ ይላል። መንጋውን ትቶ ስለ አንድ ቀን የሚሰደድ እረኛ ምን ትርፍ አለው ይላል። እኔም ይህን ነገር አስቤዋለሁ። እኔ በእሑድ የማርፍ ሰው ነኝ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ማንም በሰንበት ምክንያት እንዳይፈርድባቸው እንደ ጻፈላቸው አምናለሁ፤ ስለዚህ ቀዳሚትን አለማክበር ኃጢአት ነው ብዬ አላስተምርም። በዚህ ከአባ ኤዎስጣቴዎስ ጋር አልስማማም። ነገር ግን ለእርሳቸው የማይከብደው ነገር ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብደኝ ባሰብሁ ጊዜ እልከኛ ብዬ ልጠራቸው አልደፍርም። እኔ ስለ እሑድ ዕረፍቴ የአንድ ቀን ደመወዝ እንኳ ከስሬ አላውቅም።

ከእርሳቸው ሞት በኋላ የሆነው ከሕይወታቸው ይልቅ የሚያስገርም ነው። ተከታዮቻቸው ከቤተ መንግሥትም ከጳጳሱም ተለዩ፤ ክህነት ተከለከሉ። ወደ ሠራዬና ወደ ሐማሴን በረሃና ተራራ ሄደው ገዳማትን ተከሉ። አባ አብሳዲ በቆሐይን ደብረ ማርያምን፣ አባ ፊልጶስ ከነፋሲት በላይ ባለው ተራራ ደብረ ቢዘንን መሠረቱ። በእነዚህ ገዳማት ሰው የብቻ ገንዘብ አልነበረውም፤ ሁሉ የማኅበር ነበረ። መነኮሳቱም ጫካ እየመነጠሩ መሬት ያርሱ ነበር። ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ትእዛዙ ስለ ሰባተኛው ቀን ብቻ አልተናገረምና። ስድስት ቀን ሥራ የሚል ቃልም በውስጡ አለ። በስድስቱ ቀን በቡና ቤት ተቀምጦ የሚውል ሰው በሰባተኛው ቀን ከምን ሊያርፍ ነው?

በ1400 ገደማ በዐፄ ዳዊት ዘመን ጉባኤ ተደረገ። ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስ የኤዎስጣቴዎስን ልጆች ቀዳሚትን እንዲተዉ አዘዙአቸው፤ እምቢ ባሉም ጊዜ አባ ፊልጶስ በሐይቅ ገዳም በግዞት አራት ዓመት ያህል ተቀመጡ። በ1404 ግን ንጉሡ ራሳቸው አባ ፊልጶስን አስፈቱ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቀዳሚትን እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩ ፈቀዱ፤ ቤተ መንግሥቱና ጳጳሱ ግን በነበሩበት ጸኑ። ከዚያም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ነገሡ። እርሳቸው በ1450 በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ታላቅ ጉባኤ ሰበሰቡ። ከግብጽ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል፣ ቀዳሚትና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከእነርሱ እጅ ክህነትን ተቀበሉ። መምህራቸው ከአገር ከወጡ መቶ ዐሥር ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ከክርክሩ ጀማሪዎች አንድ ስንኳ በሕይወት አልነበረም።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰንበት ቀን ካህናት ሕዝቡን ሰብስበው እንዲያስተምሩ አዘዋል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እኒሁ ንጉሥ ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉትን የእስጢፋኖስን ልጆች በብርቱ ቅጣት አሳድደዋል። አንዱን ተሰዳጅ በክብር ተቀብሎ ሌላውን ማሳደድ በነገሥታት ዘንድ ያለ ነገር ነው። በመነኮሳትና በወንጌላውያንም ዘንድ አለ፤ ስለዚህ ከዚህ የበለጠ አልናገርም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ክስ መጣ። ከፖርቱጋል አገር የመጡ የካቶሊክ መምህራን ኢትዮጵያውያን ቀዳሚትን ስለሚያከብሩ አይሁድ ሆነዋል ብለው ነቀፉ። ያን ጊዜ ነግሠው የነበሩት ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 የእምነታቸውን ቃል ጽፈው መለሱ። ይህ ጽሑፍ አጭር ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ስለ ሰንበት በአገራችን ከተጻፈው ሁሉ የተሻለ ነው። ንጉሡ በእርሱ ውስጥ፣ እኛ ቀዳሚትን የምናከብረው በዚያ ቀን ውኃ እንደማይቀዱ፣ እሳት እንደማያነድዱ፣ ወጥ እንደማይሠሩ፣ እንጀራ እንደማይጋግሩ፣ ከቤት ወደ ቤትም እንደማይሄዱ እንደ አይሁድ አይደለም፤ ቍርባን በማቅረብና ማኅበራዊ የፍቅር ማዕድ በማድረግ ነው የሚል አሳብ አስረድተዋል። ከዚህ የተነሣ ለንጉሡ ሰንበት የክልክል ቀን ሳይሆን የማዕድ ቀን እንደ ነበረ እንረዳለን። በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ቀዳሚትን ማክበር በከለከሉ ጊዜ ሕዝቡ ዐመፀ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሱለት።

አሁን የዐፄ ገላውዴዎስን ነገር ወደ ገዛ ቤቴ ላመጣው እወዳለሁ። ክርስቲያን በሰንበት ውኃ መቅዳት፣ እሳት ማንደድ፣ እንጀራ መጋገር አልተከለከለም ብለዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ውኃውን የሚቀዳው ማን ነው? እንጀራውንስ የሚጋግረው ማን ነው? በፍቅሩ ማዕድ የሚቀመጠው አንዱ፣ ማዕዱን የሚያቀርበው ሁልጊዜ ሌላው ከሆነ፣ ለዚያ ለሌላው ሰው ሰንበት መቼ ነው?

ተማሪዎቹ በቤቴ ተቀምጠው ሲከራከሩ ስለ ቀኑ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ስለ ሎሌና ስለ ገረድ ግን ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ትእዛዙ ግን በስም ይጠራቸዋል። በኦሪት ዘጸአት የተጻፈው ትእዛዝ ወንድ ልጅህን፣ ሴት ልጅህን፣ ሎሌህን፣ ገረድህን፣ ከብትህን፣ በደጅህ ያለውን እንግዳ አንድ ባንድ ይቆጥራል። በዘዳግም በተጻፈው ደግሞ ምክንያቱ የዓለም መፈጠር ብቻ አይደለም፤ እስራኤል በግብጽ ባሪያ እንደ ነበረ እንዲያስብ፣ ሎሌውና ገረዱም እንደ እርሱ እንዲያርፉ ነው። ጌታችንም በሰንበት ቀን እጁ የሰለለችውን ሰው ሲፈውስ፣ ጐባጣይቱን ሴት ሲያቀና፣ ለጐበጠ ሰው ዕረፍት የሚሆነው ምን እንደ ሆነ አሳየ። ስለዚህ በሰፈራችን በጳውሎስ ሆስፒታል እሑድ ሌሊት ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆመው የሚያድሩት ነርሶች ሰንበትን የሻሩ አይመስለኝም። እነርሱም በተራቸው የሚያርፉበት ቀን ሊኖራቸው ይገባል እንጂ።

የአገራችን ሕግ እንኳ ይህን ያውቃል። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል። ነገር ግን ይኸው አዋጅ በቤት ውስጥ የሚሠሩትን በወሰኑ ውስጥ አላስገባቸውም። ስለዚህ ለፋብሪካ ሠራተኛ የሚሟገትለት ሕግ አለው፤ በወጥ ቤታችን ያለችው ልጅ ግን ዕረፍትዋን የምታገኘው እኛ የሰጠናት እንደ ሆነ ብቻ ነው።

በቤቴ የሆነውን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ከጎጃም ገጠር የመጣች አንዲት ልጅ በቤታችን ሦስት ዓመት ሠራች። እሑድ ጧት እኔና ባለቤቴ ከልጆቻችን ጋር ወደ ጸሎት ቤት እንሄዳለን፤ ከዚያ በኋላ እንግዶች ከእኛ ጋር ይመጣሉ፤ እርስዋም ከሌላው ቀን ይልቅ በእሑድ ትደክም ነበር። አንድ ቀን ስለ ዕረፍት ልሰብክ ተዘጋጅቼ ማታ ስብከቴን በቃሌ ስለማመድ በጓዳው ደጅ አለፍሁ። እርስዋም ለነገው እንግዳ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ስለ አገርዋ ጠየቅኋት። በአባትዋ ቤት ቀዳሚትም እሑድም እርሻ እንደማይታረስ፣ በሬዎቹም ሁለቱን ቀን ሲግጡ እንደሚውሉ ነገረችኝ። ይህን ስትናገር ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ስለ ጠየቅኋት ብቻ ነበረ። እኔ ግን በአባትዋ ቤት በሬው የሚያገኘውን ዕረፍት እርስዋ በወንጌላዊ ቤት እንዳላገኘች አሰብሁ። ቀዳሚትንም እሑድንም የምታከብር ልጅ ወደ እኔ ቤት መጥታ ሁለቱንም አጣች።

በዚያ ሌሊት ስብከቱን ለሌላ ሰው ሰጠሁ፤ ልናገረው አልቻልሁምና። ከባለቤቴም ጋር ተመካከርን። እንጀራው ቀዳሚት ከቀትር በፊት እንዲጋገር፣ የእሑድ እንግዳ ቢመጣ በቀዘቀዘ ወጥ እንዲስተናገድ፣ ዕቃውን ልጆቻችን እንዲያጥቡ ተስማማን። ልጆቹ አጉረመረሙ፤ እንግዶችም አንዳንዶቹ መምጣት ተዉ፤ ይህም በገንዘብ ረገድ ጠቀመን። ለልጅቱ በነገርናት ጊዜ በመጀመሪያ የጠየቀችው እንጀራውን ማን ያወጣል የሚል ነበረ፤ ከደመወዝዋ የሚቀነስ እንደ ሆነም ጠየቀች። አይቀነስም አልናት። ያመነችን ግን የወሩ መጨረሻ ደርሶ ደመወዝዋን ሙሉ ስትቀበል ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ነጭ ልብስዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያንዋ ትሄዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሄደችም። ወደ አገርዋ ልጆችም አልወጣችም። እኛ ከጸሎት ቤት ስንመለስ በክፍልዋ በሩን ዘግታ ተኝታ ነበር፤ ቀትር አለፈ፤ ዘጠኝ ሰዓትም ሆነ። እኔም የእግዚአብሔር ቀን እንዲህ በእንቅልፍ ሊያልፍ አይገባም ብዬ ልቀሰቅሳትና ልመክራት ተነሣሁ። ባለቤቴ ግን በመተላለፊያው ላይ ቆማ ጣትዋን በከንፈርዋ ላይ አደረገች፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ በቀስታ ተመለስሁ።